ጥላ የሚወድ ችግኝ

ሚስትየዋ ከሥራ ሲገቡ ባላቸውን የፈለጓቸው እንደ ወትሮው ከችግኞቹ መሃል ነበር። አገኟቸውም። ሰፈርተኛው ሁሉ “ጋሼ ችግኝ” የሚላቸው ሽማግሌ ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቶ፣ በገዛ እጃቸው በሠሩት የችግኝ ቤት ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። የሴትዮዋን ጩኸት የሰማ ጎረቤት ሮጦ ገባ፣ ፖሊስም ተጠራ።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ በሩ ላይ ሰው እንደ ንብ ሰፍሯል። ሳጅኗ ከፊት ሆና መንገድ አስለቀቀች።

“ሰው ሞቶ ሳይሆን ተሹሞ የመጣ ነው የሚመስለው ሕዝቡ፤ ዘወር በሉ እስቲ!” አለች።

ቤቱ ትንሽ ናት። ከጀርባዋ ያለው ግቢ ግን ሌላ ዓለም ነው። ማንጎና ፓፓያ የለመደው የኢንስፔክተሩ ዓይን ማረፊያ አጣ። አንዱ ዛፍ በቅርንጫፉ ሳይሆን በግንዱ ላይ ጆንያ የሚያህል ፍሬ አንጠልጥሏል። ወዲያ ማዶ ቁልቋል መሳይ ነገር በእንጨት ምሰሶ ላይ ተጠምጥሞ ቀይ ፍሬ አፍርቷል። በየግንዱ ላይ በአባወራው እጅ የተጻፈ የስም ታርጋ ተሰክቷል፤ ሊቺ፣ ጃክፍሩት፣ ድራጎን ፍሩት። ጽሑፉ ከዓመት ዓመት እየተንጋደደ ሄዶ የቅርቦቹ ጭራሽ አይነበቡም።

በግቢው መጨረሻ፣ ከኋለኛው አጥር ሥር፣ ትኩስ የተቆረጠ ጉቶ አለ። ቅርንጫፎቹ ጎኑ ተከምረዋል። ከጉቶው ላይ እንደ እንቁላል አስኳል የወፈረ ቢጫ ወተት እየተንቆረቆረ ይደርቃል።

ኢንስፔክተሩ ሬሳ ሲያይ ከፊት አይጀምርም፤ ከእጅ ነው። “ፊትን ሰው ያሰናዳዋል፤ እጅን ግን ማን ያሰናዳል?” ይል ነበር ለአዲስ ምልምሎች። አጎንብሶ የጋሼ ችግኝን እጆች አየ። ጥፍራቸው ውስጥ አፈር አለ፣ ሌላው ንጹሕ ነው። በዚያ ሙቀት በራስ የሚጠለቅ ሹራብ ለብሰዋል። ጫማቸው ክር የሌለው፣ ተንሸራቶ የሚገባ ነው።

“አካፋው ይኸውና” አለች ሳጅኗ። ግድግዳው ላይ በቦታው ተሰቅሏል፤ ታጥቧልም። እጀታው ከብረቱ የሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ ግን ውሃ ያልደረሰበት ደም ተገኘ።

የሥራ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ማሰሮ ብቻዋን ቆማለች። ውስጧ ቀጭን ችግኝ አለ። አናቱ ተቆርጦ፣ በተሰነጠቀው ጫፍ ከሌላ ዛፍ የመጣ ቀንበጥ ገብቶበት፣ በስስ ላስቲክ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። ከላይ ጠል ያዘለ የፕላስቲክ ከረጢት ተደፍቶበታል።

“ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ማዳቀል ይሉታል” አለች ሳጅኗ። “የአንዱን ቀንበጥ ለሌላው ግንድ መዳር ነው። አክስቴ አቮካዶ ላይ ስትሠራ አይቻለሁ።”

ኢንስፔክተሩ ጠጋ ብሎ አየ። ክሩ እኩል እኩል ተጠምጥሞ፣ መጨረሻው ላይ ድርብ ቋጠሮ ተቋጥሮ፣ ሁለቱ ጫፎች ልክ ለልክ ተቆርጠዋል። ግቢውን ዞሮ ሌሎቹን የተዳቀሉ ዛፎች ተመለከተ። ሁሉም ላይ ያለው ያው አስተሳሰር፣ ያው ቋጠሮ ነው።

“የራሳቸው ሥራ ነው” አለ፤ ማሰሮዋ ግን ለማስረጃ ትወሰድ ብሎ አዘዘ።

*

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሮጦ የገባው ጎረቤት ነበር፤ መኪና መካኒክ ነው። ከሟች ጋር ለዓመታት ሲናከሱ እንደኖሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የጃክፍሩቱ ቅጠል የመካኒኩን አሸንዳ እየደፈነ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሰውየው አጥር ላይ ወጥቶ ሲሳደብ ይሰማ ነበር።

“‘አንድ ቀን አንተንም ዛፍህንም እነቅላችኋለሁ’ ብለሃል አሉ” አለው ኢንስፔክተሩ።

“ብያለሁ! ለማን ያላልኩት አለ? ለሚስቴም ብያለሁ።” መካኒኩ በዘይት የጠቆረ እጁን አወናጨፈ። “ግን ስማ አለቃ፣ አንድ ፍሬ ደርሶለት ሳያቀምሰኝ ቀርቶ አያውቅም። የተጣላሁት ከአሸንዳዬ የተነሣ ነው እንጂ ከሰውየው ጋር አይደለም።”

“ዛሬ ምን ሰማህ?”

“ጋራዤ ውስጥ ደንበኞች ነበሩ፣ ጠይቃቸው። ጠዋት መጋዝ ሰማሁ፣ ያ የሞተር መጋዝ። ከዚያ ሽማግሌው ‘ተው! ተው!’ ሲሉ ሰማሁ። ልጃቸው ነው የሚቆርጠው። ከምሳ በፊት መጋዙን ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ፊቱ እንደ ክረምት ሰማይ ነበር።”

“ከምሳ በኋላስ?”

“ከምሳ በኋላ ሞተር ሥር ገብቼ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማሁም።”

መካኒኩ ሲናገር ክንዱ ላይ ያለ ረጅም ጠባሳ ከኢንስፔክተሩ ዓይን ገባ። የተሰፋበት ነጠብጣብ እንደ መስመር ደብተር ቀጥ ያለ ነው።

“ይኼንን ማን ሰፋልህ?”

“ጋሽ ስፌት ነዋ! የጋሼ ችግኝ ወዳጅ። ድሮ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነበሩ። እኔ እንደ በግ እየጮህኩ እሳቸው በወጥ ቤታቸው ወንበር ላይ አስቀምጠው ሰፉኝ። ክሩን እንኳ ሲቆርጡ እኩል ካልሆነ ደግመው ነው።”

ደንበኞቹ ተጠየቁ፤ መካኒኩ ከጋራዡ ንቅንቅ እንዳላለ መሰከሩ። ነገሩ ወደ ልጁ ዞረ።

*

ልጁ ሴራሚክ ነጣፊ ነው። ሊያገባ ቀን ቆርጧል፣ የሚገባበት ቤት ግን የለውም። ምርመራ ክፍል ውስጥ ጎብጦ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ መሃል ደብቋል።

“እጅህን አሳየኝ” አለው ኢንስፔክተሩ።

መዳፎቹ በቢጫ ተለውሰዋል።

“የዛፉ ነው። በሳሙና አሸሁት፣ በነጭ ጋዝ አሸሁት፣ አልለቅ አለኝ።”

“አባትህ ሳይፈቅዱ ነው የቆረጥከው?”

“ራሱ ነው የጠራኝ! ለዓመት ለምኜው እምቢ ያለ ሰው፣ ትናንት ‘ና፣ ያንን የኋላውን ቁረጥና ሁለት ክፍልህን ሥራ’ አለኝ።”

“ታዲያ ‘ተው’ ያሉህስ?”

ልጁ መዳፎቹን መልሶ ደበቀ። “ግማሽ ላይ ስደርስ ነው። ግማሹ የተቆረጠ ዛፍ ምን ይደረጋል? ጨረስኩት። እሱ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ‘ምን ነካህ አባዬ፣ ዛፍ ነው እኮ’ አልኩት። ‘ዛፍ አይደለም’ አለኝ። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። እኔም ተናድጄ ወጣሁ። ሳልሰናበተው ነው የወጣሁት።”

ከዚያ በኋላ የት ነበርክ ሲባል መጋዙን ለባለቤቱ መልሶ፣ ብቻውን መንገድ ለመንገድ ሲዞር እንደዋለ ተናገረ። ያየው ሰው የለም። ልጁ ወደ ማቆያ ሲወሰድ ሳጅኗ “ወይ ይሄ ልጅ እውነተኛ ነው፣ ወይ እኔ ሙያዬን ልቀይር” ብላ አጉረመረመች።

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደሩ ግን አልተጠራጠሩም። ነገሩ በእሳቸው አፍ ሲነገር እንደ ዳቦ የበሰለ ነበር።

“አባት ዛፌ አይነካም አለ። ልጅ በጉልበት ቆረጠ። አባት አንዲት ቀንበጥ እንኳ ላትርፍ ብሎ ማሰሮ ላይ ሲያዳቅል፣ ልጅ ተመልሶ መጣና በአካፋ ጨረሰው። ማሰሮዋ ራሷ ምስክር ናት፤ በፈቃዱ ያስቆረጠውን ዛፍ ማን ሊያተርፍ ይታገላል? ዓርብ ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።”

“ጌታዬ፣ አካፋውስ? ይሄ ልጅ ጃኬቱን እንኳ መሬት ነው የሚጥለው። ገድሎ አጥቦ ይሰቅላል?” አለ ኢንስፔክተሩ።

“ሰው ሲደነግጥ የማያደርገው የለም። ዓርብ ብያለሁ።”

*

ጋሽ ስፌት የሚኖሩት ፎቅ ላይ፣ በጠባብ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ነው። በሩን የከፈቱት ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነበር። ቤቱ ከመጽዳቱ የተነሣ ሰው የሚኖርበት አይመስልም። በረንዳው ባዶ ነው፤ አንዲት የአበባ ጣሳ እንኳ የለችም።

“ወንድሜ ነበር” አሉ ሻይ እየቀዱ። “ከልጅነት እስከ ሽበት። ምን ልበልህ፣ ግማሽ ጎኔ ነው የተቀበረው።”

“ግቢያቸው ይሄዱ ነበር?”

“እሄዳለሁ። እሱ ይሠራል፣ እኔ ተቀምጬ ወሬ አወራለሁ። እኔ እንኳ ዕፅዋት የሚባል ነገር አላውቅም፤ ቅጠል ከቅጠል አልለይም።”

“በዚያን ዕለትስ?”

“ከዚህ የትም አልወጣሁም። ጉልበቴ ነው። ሬዲዮ ስሰማ ዋልኩ፤ ምስክር ካልከኝ ሬዲዮው ነው።”

ኢንስፔክተሩ ብርጭቆውን ሲቀበል የሽማግሌውን ጣቶች አየ። ጫፋቸው ተልጦ ቀልቷል።

“ታጥቤ አልጠግብም” አሉ ጋሽ ስፌት ቀድመው። “ከቀዶ ጥገና ክፍል የቀረ አመል ነው። ሚስቴ ጥላኝ ሳትሄድ በፊት ‘አንተ እጅህን ታጥበህ ልትጨርሰው ነው’ ትለኝ ነበር።”

ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ተሰቅሏል። ፀጉሯ የረገፈ ትንሽ ልጅ የሆስፒታል አልጋ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ሳትሸፍን ትስቃለች። በእጇ ለሁለት የተከፈለ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነገር ይዛለች፤ ኢንስፔክተሩ ትንሽ ደበርጃን መሰለው።

“ልጄ ናት” አሉ ጋሽ ስፌት። “ነበረች።”

“ነፍስ ይማር።”

“አሜን ልጄ።” ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ተቀየረ። “ያ ልጅ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?”

“እየተጣራ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?”

ጋሽ ስፌት ሻያቸውን አማሰሉ፤ ስኳር ግን አልጨመሩበትም ነበር። “የሰው ሆድ ማን ያውቃል” አሉ።

*

ሟች በተቀበሩ ማግስት ሚስትየዋ ጣቢያ መጡ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ ዓመታት የተቀመጡ ሴት ናቸው፤ ወገባቸው ወደ ፊት እንደ መርፌ ቁልፍ ታጥፏል። ኢንስፔክተሩ ወንበር ሳበላቸው። አልተቀመጡም።

“አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት። ባሌን ቀብሬያለሁ። ልጄን በቁሙ አታስቀብረኝ።”

“እትዬ፣ እኔም እውነቱን ነው የምፈልገው። ይቀመጡ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።” ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲከነክነው የቆየ ነገር ነበር። “በዚያ ሙቀት ሹራብ ለምን ለበሱ?”

ሴትዮዋ በጥያቄው ተገርመው ተቀመጡ። “ሸሚዝ መልበስ ከተወ ቆየ። አዝራር አይቆልፍም። እጁ ይንቀጠቀጣል።”

“ይንቀጠቀጣል?”

“ጫማ ማሰር አቃተው፣ ክር የሌለው ገዛሁለት። ሻይ በግማሽ ብርጭቆ ነው የምሰጠው፤ የቀረው ልብሱ ላይ ነው የሚያልቀው። ሰው እንዳያውቅበት ነበር ጭንቁ። ኩራተኛ ነበር፤ ‘ጋሼ ችግኝ ደከመ’ ከሚሉት ሞት ይሻለዋል።”

ኢንስፔክተሩ ከወንበሩ ተነሣ። “እና ያንን ሁሉ ችግኝ ማን ነው የሚያስርላቸው?”

“ራሱ ነዋ። እኔ እንደሆነ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነኝ። ወደ ችግኝ ቤቱ ከወዳጁ በቀር ማንም አይገባም።”

ያሉትን እሳቸው ራሳቸው አላስተዋሉትም። ኢንስፔክተሩ ግን አስተዋለ፤ ለጊዜው በሆዱ ያዘው።

“እትዬ” አለ፣ “ልጅዎ የቆረጠው ዛፍ ምን ነበር? ‘ዛፍ አይደለም’ ብለውታል አሉ።”

“እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። ለእኔ ሁሉም ዛፍ ነው። የቀናሁባቸው ጊዜም ነበር።” ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

*

ከከተማው ዳር ባለው የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ የምትሠራው የፍራፍሬ ባለሙያ ማሰሮዋን ስታይ ኢንስፔክተሩን ሰላም ማለት ረሳች።

“ማንጎስቲን! በሰው ግቢ ውስጥ? የምታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር በስልክ ስትነግረኝ።”

“አስቸጋሪ ነው?”

“እልኸኛ ነው። ከዘር ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ትንሽ ልጅ ለአቅመ ሔዋን ትደርሳለች። ሰው ተክሎት ሳያየው ይሞታል።” በከረጢቱ ላይ አጎንብሳ በላስቲኩ ውስጥ አሻግራ አየች። “ይሄ ቀንበጥ አበባ ሊያወጣ እምቡጥ ይዞ ነበር። የተቆረጠው ዛፍ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያብብ ነበር ማለት ነው። ወይኔ!”

“የተዳቀለው መቼ ነው?”

“ዛፉ እንደ ተቆረጠ፣ በዚያው ቀን። የወደቀ ቅርንጫፍ ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ቀንበጡ አይሆንም። ደግሞ ይሄን ቢጫ አየኸው? ማንጎስቲንን የቆረጠ ሁሉ በዚህ ይለወሳል፤ እጅ ላይ ከያዘ ቆዳህን ካልላጥክ አይለቅም።”

ኢንስፔክተሩ የጋሼ ችግኝን ንጹሕ ጣቶች አሰበ። ቀጥሎ ሌሎች ጣቶች አሰበ።

“እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንዲህ አድርጎ ሊያስረው ይችላል?”

ባለሙያዋ ሳቀች። “እኔም አልችልም! ይሄን ያሰረው ሰው ቢፈልግ ዓይን ይሰፋል።”

“ፍሬው ምን ይመስላል?”

ስልኳን አውጥታ አሳየችው። ቅርፊቱ ወይን ጠጅ፣ ውስጡ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ለሁለት የተከፈለ ፍሬ ነው። ኢንስፔክተሩ በጋሽ ስፌት ግድግዳ ላይ ያየው ፎቶግራፍ ትዝ አለው። ደበርጃን አልነበረም።

“እስኪይዝ ድረስ ጥላ ነው የሚወደው” አለች ባለሙያዋ ማሰሮዋን ስትመልስለት። “ከረጢቱን እንደ ለበሰ ፀሐይ ላይ ካስቀመጥከው ይቀቀላል። አደራ!”

መኪና ውስጥ ሳጅኗ “ፊትህ ልክ አይደለም” አለችው።

“ነገ ከሰዓት አንድ ሰው ጥሪልኝ። ቃላቸውን ይፈርሙ በይ። ማሰሮዋን ደግሞ መስኮቱ ላይ አድርጊያት፤ ፀሐዩ በሚገባበት በኩል።”

“አደራ ተብለህ?”

“እሷን ነው የማስመሰክረው።”

*

ጋሽ ስፌት በቀጠሯቸው ደረሱ። ነጭ ሸሚዛቸው ተተኩሷል። ኢንስፔክተሩ የሰጡትን ቃል የያዘውን ወረቀት አቀረበላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

የከሰዓት ፀሐይ መስኮቱን ሞልቶ ማሰሮዋ ላይ አርፏል። ከረጢቱ ውስጥ ጠሉ መንጠባጠብ ጀምሯል።

“ዕፅዋት አላውቅም ያሉት ከላይ ነው” አለ ኢንስፔክተሩ። “ተረጋግተው ያንብቡት፤ አይቸኩሉ።”

“ይገባኛል።” ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነው፤ መስመር ግን አይለወጥም።

“የልጁ ፋይል ነገ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል” አለች ሳጅኗ ከበሩ አጠገብ። “እናትየው እግሬ ላይ ወደቁ።”

ሽማግሌው ገጹን ገለበጡ። ሳያነቡት መልሰው ገለበጡት። ከግንባራቸው ላብ ወረደ። አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ አዩ፣ ቶሎም መለሱ። ኢንስፔክተሩ ሌላ ወረቀት ያነበበ መሰለ። ተሳስቶ ከሆነ ማሰሮዋም ልጁም በእጁ ሊጠፉ ነው።

“ብዕር ይኸውና” አለ።

ጋሽ ስፌት ብዕሩን ተቀበሉ። ሊፈርሙ አጎነበሱ። ከዚያ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ተነሡ። ያ ታሞ ከቤት አላስወጣ ያለው ጉልበታቸው እንደ ወጣት ተራመደ። ማሰሮዋን ከሥሯ በሁለት እጃቸው አቅፈው ከመስኮቱ አነሷት፣ ወደ ጥጉ፣ ጨለም ወዳለው ወሰዷት። የከረጢቱን አፍ በጣታቸው ትንሽ ፈታ አድርገው ትንፋሽ ሰጧት። ፀሐይ የመታውን ጎን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

“ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!” አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። “ሕፃን ልጅ እሳት ላይ ይጣዳል?”

ኢንስፔክተሩ ያልተፈረመውን ወረቀት አጥፎ ወደ ጎን አደረገው።

“ጋሼ” አለ ኢንስፔክተሩ በለሰለሰ ድምፅ፣ “ሕፃኗ የማን ናት?”

ሽማግሌው ማሰሮዋን ሳይለቁ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሳጅኗ ልታነሣቸው ስትል ኢንስፔክተሩ በዓይኑ ተዪያቸው አላት።

“ሆስፒታል ተኝታ ምንም አልበላ አለች” አሉ ጋሽ ስፌት። “ከውጭ የመጣ አንድ ሐኪም ያንን ፍሬ ሰጣት። እሱን በላች። ዘሩን ከአፏ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችና ‘አባዬ ትከለው፣ ስድን ከዛፉ እበላለሁ’ አለችኝ። እኔ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ አፈር የለኝም። እሱ ግን ግቢ አለው። ሳንውል ሳናድር አብረን ተከልነው። እሷ ቡቃያውን እንኳ ሳታይ ሄደች።”

“ለማንም አልነገራችሁም።”

“ምን ብዬ? ሰው እየመጣ ከንፈር እንዲመጥበት? እጁ ሲከዳው ችግኙን እኔ ሳስርለት ኖርኩ፣ ስሙን እሱ ይውሰድ ብዬ። እኔ የምፈልገው ከዚያች ዛፍ ሥር መቀመጥ ነበር። ዘንድሮ እምቡጥ ያዘች። ለእሱ ነበር መጀመሪያ የነገርኩት፤ ተቃቅፈን አለቀስን።”

“በዚያን ዕለት ከምሳ በኋላ ሄዱ።”

“እንደ ሁልጊዜው ላስርለት ነበር የሄድኩት። በኋለኛው በር ስገባ ጉቶውን አየሁት። ‘ምነው?’ አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። ‘ለልጄ ብዬ ነው’ አለኝ።” ጋሽ ስፌት ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንስፔክተሩን በቀጥታ አዩት። “ለእኔ! ‘ለልጄ ብዬ ነው’ ብሎ ለእኔ ነገረኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ችግኞቹ ዞረ። አካፋው ግድግዳው ላይ ነበር።”

ሳጅኗ ፊቷን አዞረች።

“ከዚያስ?”

“ከዚያ ቅርንጫፎቿ ፀሐይ ላይ ነበሩ። ቅጠሏ መጠውለግ ጀምሯል። አንዲት ቀንበጥ ቆርጬ አዳቀልኩ።”

“ወዳጅዎ እግርዎ ሥር ወድቀው?”

“እሱ አይተርፍም ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን አይቻለሁ፣ የሚተርፍና የማይተርፍ እለያለሁ። የሚተርፈውን ነው ያተረፍኩት። እንደዚያ ነው የተማርኩት።” ይህን ሲሉ ድምፃቸው የቀዶ ጥገና ክፍል ድምፅ ሆነ። “እቃ ሳላጥብ ከሥራ ወጥቼ አላውቅም። አካፋውን አጥቤ ሰቀልኩት።”

“ልጁስ? በእጅዎ ነው ያደገው። ያለ ጥፋቱ ታስሮ እያዩ ሻይ ይቀዱልኝ ነበር።”

“ይዛ እስካይ ነው። ለመያዝ ሳምንታት ትፈልጋለች። ስትይዝ ልመጣ ነበር።”

“ባትይዝስ?”

ጋሽ ስፌት የከረጢቱን አፍ መልሰው አጠበቁ። ኢንስፔክተሩ ጎንበስ አለ። ሽማግሌው እንዲነሡ እጁን ሰጣቸው። እሳቸው ግን መጀመሪያ ማሰሮዋን ለሳጅኗ አቀበሉ።

“በማንኪያ ነው የምታጠጫት” አሏት። “ብዙ አትስጫት፤ ትታፈናለች።”

*

ልጁ በማግስቱ ተፈታ። እናትየው በር ላይ ተቀብለው ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት። የማንጎስቲኑ ቢጫ ገና ከመዳፉ አልለቀቀም ነበር።

ፍርዱ ካለቀ በኋላ ማስረጃዎች ለባለቤቶቻቸው ሲመለሱ፣ ማሰሮዋን ኢንስፔክተሩ ራሱ ይዞ ሄደ። ሳጅኗ በማንኪያ እያጠጣች አሳድጋታለች። ከረጢቱ ተነሥቷል፣ ከቀንበጧ ጫፍ ሁለት ቀላ ያሉ ቅጠሎች እንደ ሕፃን መዳፍ ተዘርግተዋል።

ሴትዮዋ ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠቡ ነበር። የተቆረጠው ዛፍ ቦታ እንዳለ ነው፤ ልጁ ቤቱን መሥራት ትቶ ሌላ ሰፈር ተከራይቷል። ሴትዮዋ ፍርድ ቤት አንድ ቀን እንኳ አልሄዱም ነበርና ኢንስፔክተሩ ሁሉንም ነገር ነገራቸው፤ ዘሩን፣ ልጅቷን፣ እንዴት እንደ ተተከለ። ሴትዮዋ እጃቸውን ከአረፋው ሳያወጡ ሰሙ።

“ያችን ልጅ አጥቤያታለሁ” አሉ በመጨረሻ። “እናቷ ሥራ ስትሄድ እዚህ ነበር የምትውለው። በዚህ ሳፋ።”

“ከከበደዎ መልሼ እወስዳታለሁ።”

“የት ልትወስዳት?” ማሰሮዋን አዩ፤ ፊታቸው ላይ ያለፈውን ነገር ኢንስፔክተሩ ማንበብ ፈራ። አንስተው ግድግዳ ላይ ቢከሰክሷት የሚፈርድባቸው ማን ነው?

“አንዴ ተቆርጣለች” አሉ። “ሁለተኛ በእኔ እጅ አትቆረጥም። ግን ስማኝ፤ ውሃ አላጠጣትም። ባሌን የገደለ እጅ ያሰራትን፣ እኔ ቀድቼ አላጠጣም። ዝናብ ከመጣ ይምጣ፣ ካልመጣም የራሷ ጉዳይ ነው።”

“እሺ እትዬ። የት ላስቀምጣት?”

ሴትዮዋ ግቢውን ዙሪያውን አዩ። ከዚያ በአረፋ በተነከረ ጣታቸው ከሊቺው ጥላ ሥር፣ ከቧንቧው አጠገብ ያለውን ቦታ አመለከቱ። ልብስ ባጠቡ ቁጥር የመጨረሻው ንጹሕ ውሃ የሚፈስሰው በዚያ በኩል ነው። ኢንስፔክተሩ ማሰሮዋን እዚያ አኖራትና ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ሴትዮዋም ወደ እጥበታቸው ተመለሱ።